የሚታጠፍ ወፍራም፣ የማይታጠፍ ቀጭን

ጡረታ በወጣሁ በማግሥቱ ጎረቤቴ ፈንታ አጥሩን ተደግፎ ጠበቀኝ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ሚዛን ላይ አቁመውት፣ «ጎንበስ ማለት ያቃተህ ስለ ወፈርህ ነው፤ ቀንስ» ብለው መልሰውታል። «አንተ ዕድሜህን ሙሉ ሰው ስታጎነብስ የኖርህ ሰው ነህ፤ እውነት ነው?» አለኝ። እዚያው አጥሩ ሥር አጎነበስሁት። ጣቶቹ ጉልበቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ሆዱ ግን ገና ጭኑን አልነካም። «የከለከለህ ሆድህ አይደለም» አልሁት፤ «የጭንህ ጀርባ ነው። ከወንበር ሳትነሣ ስንት ዓመትህ?» ፈንታ ደስ አለው። ሚስቱ ግን ከቤት ሆና ሰምታ ኖሮ፣ «እንዲህ እያልህ አትሸንግልብኝ» ብላ ተቆጣችኝ፤ ራቱን ልትቀንስበት ቆርጣ ነበር።

ሚዛን ክፉ ነገር ነው አልልም። አንድ ሰው ስንት እንደሚመዝን ይናገራል፤ የሚመዝነው ነገር ስብ ይሁን ጡንቻ ግን አይናገርም፤ ሰውየው መታጠፍ ይችል እንደሆነም አይነግርህም። ስለዚህ ጉዳይ የማውቀውን ሁሉ የተማርሁት ወረታ ላይ ነው። የተማርሁትም ግማሹን ከተሳካ ሥራ፣ ግማሹን ካልተሳካ ነው። ፈንታን ከሸኘሁ በኋላ ሁለቱንም ለመጻፍ ተቀመጥሁ።

እኔ ሐኪም አልነበርሁም። ድሬሰር ነበርሁ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ የተሰበረ አስራለሁ። በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ውስጥ፣ ኮርሱን እንደ ጨረስሁ ወረታ ተመደብህ ተባልሁና ከጎንደር በጭነት መኪና፣ በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወረድሁ። ደመወዙ ለወንደላጤ ይበቃ ነበር፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ያላት የቆርቆሮ ቤት ናት። በጋ ትጋገራለህ፣ ክረምት ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ በሽተኛው የሚልህ አይሰማህም። የክሊኒኩ ኃላፊ ደግሞ ጋሽ ይልማ የሚባሉ አንጋፋ ድሬሰር ነበሩ።

ጋሽ ይልማ ሙሉ ሰውነት ያላቸው፣ ሆዳቸው ከቀበቷቸው ያለፈ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ያየኋቸው የአንድ ገበሬ እግር ሲያጥቡ ነው። ወንበር አልፈለጉም። ተረከዛቸው መሬቱን እንደ ያዘ ቁጢጥ ብለው፣ ሥራውን እስኪጨርሱ እንደዚያው ቆዩ። እኔ በዚያን ጊዜ እንደ ሸንበቆ የቀጠንሁ ነበርሁ፤ አጠገባቸው ቁጢጥ ብል ተረከዜ ተነሥቶ ወደ ኋላ ተገለበጥሁ። ገበሬው ሕመሙን ረስቶ ሳቀ። ጋሽ ይልማም ሳይስቁ፣ «ቀጭን ሁሉ ይታጠፋል ያለህ ማን ነው?» አሉኝ።

ልማዳቸው ብዙ ነበር። እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ላይ ይዘረጉታል። መጀመሪያ ጸሎት የሚያደርሱ መስሎኝ ነበር። «በቀዝቃዛ እጅ የተነካ ሰው ይኮማተራል» ይሉኛል፤ «ከዚያ አንተ ገግሟል ትላለህ። የገገመው እጅህን ፈርቶ ነው።» በሽተኛውንም ምንህን ያምሃል ብለው አይጀምሩም። ጋቢውን ይቀበሉትና ወለሉ ላይ ይጥሉታል፤ «እስቲ አንሣልኝ» ይሉታል። አንዱ ከወገቡ ይታጠፋል፣ አንዱ ከጉልበቱ፣ አንዱ ግድግዳ ይይዛል፣ አንዱ ሚስቱን ይጠራል። እሳቸው ይህን አይተው ግማሹን ነገር ይጨርሱታል።

ቀጥሎ መሬት ላይ አስቀምጠው እግሩን ያስዘረጉትና ጣቶቹን እንዲነካ ያዙታል። እጃቸውን ከጀርባው አድርገው፣ ሰውነቱ የሚቆምበትን ቦታ በመዳፋቸው ያዳምጣሉ። ሦስት ማቆሚያ አለ ይሉኝ ነበር። ሆድ ሲያቆመው ትራስ ላይ እንደ መደገፍ ነው፤ ለስለስ ብሎ ይቆማል፣ ጉልበቱን ከፈት ቢያደርግ ያልፋል። ጡንቻና ጅማት ሲያቆመው እንደ ተወጠረ ጠፍር ነው፤ ቀስ ብለህ ከጠበቅኸው ትንሽ ይሰጥሃል። አጥንት ሲያቆመው በር ከመቃኑ ጋር ሲጋጭ ማለት ነው፤ እዚያ ላይ አትግፋ። ከዚያ በኋላ ጎኑን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጠጥ ያደርጉታል። ስብ ከቆዳው ሥር ይንሸራተታል፤ ጡንቻ ግን እጅህን ይመልሳል። ወፈረ ስላቸው ሁልጊዜ፣ «ምኑ ነው የወፈረው?» ብለው ይመልሱልኝ ነበር።

ሥራ በማይበዛበት ጊዜ ወንዛዬ ፍል ውኃ ይዘውኝ ይሄዳሉ። እሳቸው ገላቸውን ለመታጠብ፣ እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ከታጠቡ በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ «እዚህ ልብስ አይዋሽህም፤ እይ» አሉኝ። አየሁ። እህል ተሸካሚው ትከሻው የበሬ ሻኛ ያህላል፤ ጆንያ ከመሬት ሲያነሣ የኖረ ስለሆነ ቁጢጥ ሲል ሕፃን ነው፤ ጀርባውን በእጁ እከክ ብትለው ግን አይደርስለትም። ሥጋ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ ውኃው ውስጥ ለመቀመጥ ሁለት ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። አንድ ዘርጣጣ ቅቤ ነጋዴ ደግሞ ሳሙናው ድንጋይ መሐል ሲገባበት እጥፍ ብሎ አወጣው። ሰውነት የሚታጠፈው እንደ ውፍረቱ ሳይሆን እንደ አዋዋሉ መሆኑን በዚያች ድንጋይ ላይ ተረዳሁ። ስብ ያግዳል፤ የሚያግደው ግን እንደ ዕቃ ነው፣ መንገድ ላይ በመቀመጡ። መጋጠሚያውን አያደርቅም።

ለጋሽ ይልማ ስም ያስገኘላቸው የሐጂ ኑሩ ጉዳይ ነው። ሐጂ ኑሩ የጨውና የእህል ነጋዴ፣ ወረታ ላይ የተከበሩ ሰው ነበሩ። በጣም ወፍራም ናቸው። ክሊኒኩ ሲገቡ በሩ ላይ በጎን ዞሩ። ሰው እስኪወጣ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ግንባሬ መሬት ከነካ ስንት ጊዜው። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው የምሰግደው። ሰው ሁሉ ተደፍቶ እኔ ብቻ ከላይ ስታይ አፍራለሁ።»

«ምን አደረጉለት እስከ ዛሬ?» አሏቸው ጋሽ ይልማ።

«ተራብሁለት። በቀን አንዴ ነው የምቀምሰው። ጉልበቴ ሄደ፣ ፊቴ ሄደ፤ ይኸ ሆዴ ግን አለ።»

ጋሽ ይልማ እጃቸውን ፀሐይ አስመትተው መጡ። የሐጂን ጎን ቆነጠጡ፣ ጭናቸውን ጨበጡ። ሐጂ በራባቸው ጊዜ የሄደው አብዛኛው የጭናቸው ጡንቻ ነበር። ሲያጎነብሷቸውም ሆዳቸው ሳይሆን ቁርጭምጭሚታቸውና የዳሌያቸው መጋጠሚያ ነው ቀድሞ የቆመው። ለረጅም ዘመን ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲሸጡ ኖረዋል። «ይብሉ» አሏቸው፤ «ነገር ግን ወንበሩን ያውጡልኝ።»

በወንበሩ ቦታ እህል የሞላ ጆንያ አስቀመጡላቸው። በየሳምንቱ ከጆንያው ትንሽ ትንሽ ይቀነሳል፤ መቀመጫቸው ዝቅ ዝቅ ይላል። ከጆንያው ሲነሡና ሲቀመጡ በእጃቸው ምንም እንዳይዙ ተከለከሉ። ጉልበታቸውን ከፈት አድርገው ለሆዳቸው መንገድ መልቀቅን ተማሩ። እኔ እየተላክሁ ጆንያውን አያለሁ፤ እህሉን መልሰው ሞልተው እንደሆነ ደግሞ እይዛቸዋለሁ፤ አንዴ ይዣቸዋለሁም። ክረምቱ ሲያልፍ ጆንያው ባዶ ነበር፤ ሐጂም መሬት ላይ ተቀምጠው ጨው ይመዝናሉ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ልጃቸው ሮጣ መጥታ ጠራችን። ምንጣፉ ላይ ተደፍተው ነበር። ሲነሡ ግንባራቸው ላይ የምንጣፉ ክር ታትሟል፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። በራሳቸው የእህል ሚዛን ላይ ወጥተው አሳዩን፤ ክብደታቸው የቀነሰው ለወሬ የሚበቃ አልነበረም። እኔም አለቀስሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ይልማ አንድ ሐሳብ ያዙ። ስብ ብቻውን ሰው አያደርቅም፤ ሰውን የሚያደርቀው የሥጋ ማነስ ነው፤ ጡንቻው ሲያልቅ ጅማቱ ያጥራል፤ ስለዚህ የደረቀውን ሰው አብሉት። ሐሳቡ ለብዙ ሰው ሠርቷል። ከአልጋ የተነሡ ሽማግሎች፣ ከወባ ያገገሙ ጎበዞች በዚህ ዳኑ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ሞኝ አልነበሩም፣ ነገር ግን የያዙትን አለመልቀቁ እንደዚያው ነው።

ጌጡ የመጣው በመጋቢት ነው፣ በዐቢይ ጾም። ከርብ ወንዝ ዳር ካለ ጎጥ፣ ያሁኑ የምትባል ሚስቱን ትከሻዋን ይዞ በእግሩ መጣ። ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ ጎኑ የሚቆጠር። ባለፈው ክረምት ርብ ሞልቶ ጤፉን ሁሉ ወስዶበት፣ ውኃው ከሸሸ በኋላ ጭቃው ላይ የበተነው ብቻ ነበር የተረፈው። ይህን የነገረን ሳንጠይቀው ነው፤ እኛም ስለ ጎርፍ ስናዝን ምን እንደ በተነ መጠየቁን ዘለልነው።

«እግሬ እምቢ አለኝ፣ ጌታው» አለ። «ማታ ያስረኛል፣ ጧት ስነሣ እንጨት ነው። ልጆቼ ገና ጥጃ አይመልሱም። ሰኔ ሳይገባ ካልፈታችሁኝ በሬዬ ቁሞ ይውላል፣ መሬቴም ለሰው ይሄዳል።»

ያሁኑም፣ «ሴት ሞፈር አትይዝ፤ ብትይዝስ ማን ዝም ብሎ ያያታል?» አለች።

ጋሽ ይልማ ጋቢውን ጣሉት። ጌጡ ከወገቡ ደኅና አድርጎ ታጠፈ፤ ጉልበቱ ግን አልላላለትም፣ ተረከዙም ወለሉን አልያዘም። አስተኝተው እግሩን እኔ እንድይዝ አዘዙኝ። የእግሩን መዳፍ ወደ ላይ ገፋ ሳደርገው በእጄ ውስጥ በራሱ መታ መታ አደረገ። እኔ አላንቀሳቀስሁትም። ቶሎ ስገፋው ይዋጋኛል፤ ቀስ ስል ይለቀኛል። ከሦስቱ ማቆሚያዎች አንዱንም አይመስልም ነበር፤ ይህንኑ ነገርኋቸው።

እሳቸውም ገፉ፤ እግሩም መታ መታ አደረገ። ከዚያ ጭኑን ቆነጠጡ፤ የሚቆነጠጥ ነገር አልነበረም።

«ድካም ነው የሚያንቀጠቅጠው። ሥጋ የለውም» አሉ። «ወንዛዬ ውሰጂው፤ ፍል ውኃው ውስጥ እግሩን ቀስ አድርገሽ እጠፊለት። ከሁሉ በላይ ግን አብዪው። ቅቤ፣ ወተት፣ ካገኘሽም ሥጋ።»

«ጾም እኮ ነው» አለች ያሁኑ።

«ለበሽተኛ ይፈቀዳል። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።»

ጌጡ ከተኛበት ቀና አለ። «እሳቸውስ ይፈቅዱ ይሆናል። እኔ አልቀምስም። እግሬን ይዞኝ ደግሞ ጾሜን ልፈታ?»

ጋሽ ይልማ ከሰው ሃይማኖት ጋር አይጣሉም ነበር። «እንግዲያስ ጥራጥሬ» አሉ፤ «ጧትም ማታም ጥራጥሬ። ሥጋን የሚተካ እሱ ነው።»

የያሁኑ ፊት ወዲያው ፈካ። «እሱስ ሞልቶናል» አለች። ባሏን አስነሥታ፣ መርቃን ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሥራችንን ቀጠልን። ፋሲካ አለፈ፣ በልግ ዘነበ፣ አንድ ከበላይ የመጣ ተቆጣጣሪ ጠርሙሶቻችንን አይቶ ሄደ። ጌጡ ወንዛዬ ሲታጠብ አንዴ አይቼዋለሁ፤ እጁን አነሣልኝ፣ እኔም አነሣሁለት። ፊቱ ሞላ ብሎ ነበርና ለጋሽ ይልማ ደስ ብሎኝ ነገርሁ።

በሰኔ መጀመሪያ በተለመነች በቅሎ ላይ ሆኖ መጣ። ሁለት ጎረቤቶች አወረዱት። ትከሻው ሞልቷል፣ አንገቱ ደድሯል። ሁለት ዱላ ይዞ ሲራመድ ግን በእግሩ ጣቶች ብቻ ነው የሚቆመው፤ ጉልበቶቹ እርስ በርሳቸው እየተፋጩ አንዱ ሌላውን ይጠልፈዋል። ያሁኑ ከኋላው ነበረች። እሷ ከስታለች።

«አወፍሪው አላችሁኝ፤ ይኸው አወፈርሁት» አለች። «እግሩ ግን ባሰበት። ምን ጎደለኝ?»

ጋሽ ይልማ ጭኑን ቆነጠጡ። ጡንቻው እጃቸውን መለሰው። እንደ ሐሳባቸው ቢሆን ይህ ሰው መታጠፍ ነበረበት። እግሩን ገፉት፤ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ መታ። እጃቸውን አንሥተው ጭናቸው ላይ አኖሩና በመጋቢት ሊጠየቅ የሚገባውን በሰኔ ጠየቁ።

«ምን ስታበዪው ከረምሽ?»

«ጓያ ነዋ። ሌላ ምን አለን? ከውኃው የተረፈን እሱ። ንፍሮውን፣ ሽሮውን፣ ቂጣውን፤ ያላችሁኝን ሁሉ ሳላጓድል።» ፊታቸው ሲለወጥ አይታ ፈጠን አለች። «አይ፣ ለእሱስ አይስጉ! እንፋሎቱን አላስነካሁትም። ድስቱን ደጅ ጥጄ፣ እሱን ነፋስ ከማያደርስበት አርቄ ነው የቀቀልሁት። በገለባውም ላይ አላስተኛሁት። እኛ የፎገራ ሰዎች እኮ ጓያን እናውቀዋለን።»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ላስረዳ። ጓያ ጎርፍም ድርቅም የማይገድለው ጥራጥሬ ነው፤ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይቀራል። በፎገራ ሜዳ ጓያ እግር እንደሚይዝ ያልሰማ ሰው አልነበረም። የሚይዘው ግን እንፋሎቱ ነው፣ ገለባው ነው ይላሉ። ሲቀቀል ይርቁታል፣ ማሳው ውስጥ ላብ ይዟቸው አይገቡም፤ ከዚያ በኋላ በሰላም ይበሉታል። እኛ ክሊኒኩ ውስጥ ስለዚህ እንፋሎት ስንቀልድ ነው የኖርነው። እንፋሎት እግር አይዝም፤ እውነታችንን ነበር። እንፋሎቱን ስንጥል ግን ጓያውንም አብረን ጣልነው። እነሱ የፈሩት ሌላ፣ እኛ የናቅነው ሌላ፤ በመሐል ጌጡ ጧት ማታ ይበላ ነበር።

ጋሽ ይልማ በኮርስ ዘመናቸው አንድ መምህር ጓያ አብዝቶ የበላ ሰው እንደሚሽመደመድ በጨረፍታ አንሥቶ ማለፉን ያስታወሱት ያን ጊዜ እንደሆነ ኋላ ነግረውኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ያሁኑ» አሏት፣ «ድስቱ አጠገብ የነበረ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንፋሎቱ ሲገርፍ የከረመ አንቺን ነው። እግርሽ ምነው ደኅና?»

ያሁኑ ጎንበስ ብላ እግሯን አየች።

«ከጓያው በልተሻል?»

«ለሱ እንዲተርፈው ብዬ...» አለች። «እኔማ ጎመን፣ ያገኘሁትን። ልጆቹንም እናቴ ዘንድ ሰድጄ። ጓያውን ለሱ...» ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። እጆቿን አገላብጣ ታያቸው ነበር። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን አላየሁም፣ ባላይ ይሻለኝ ነበር።

ጌጡ አልጋው ላይ ሆኖ ጋሽ ይልማን ብቻ ይመለከት ነበር። «ይለቀኛል?» አለ።

ብዙ ሐኪም እዚህ ቦታ ላይ እግዚአብሔር ያውቃል ይላል። እሳቸው አላሉም።

«አይለቅህም» አሉት። «ጓያውን ዛሬ ከተውህ አይብስብህም፤ ይኸው ዱላህን ይዘህ ትሄዳለህ። ካልተውህ ትድሃለህ። አብዪው ብዬ ያዘዝሁ እኔ ነኝ፤ ምን እንዳላት ሳልጠይቅ ያዘዝሁ እኔ ነኝ። እሷ ያጠፋችው የለም፤ ሰምተሃል?»

«ሰማሁ።» ጌጡ ትንሽ አሰበ። የተቆጣ አይመስልም ነበር። «እሺ፣ እተወዋለሁ። ታዲያ ምን ልብላ?»

ያለ ክፋት ነው የጠየቀው። ቤቱ ውስጥ ከጓያ በቀር ፍሬ የለም፤ ክረምቱ ገና መግባቱ ነው። ጋሽ ይልማ ነጭ ካፖርታቸውን አውልቀው ችንካሩ ላይ ሰቀሉና፣ «ተነሡ» አሉን።

ወደ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ሄድን። ሐጂ መሬት ላይ ተቀምጠው እህል ያበጥሩ ነበር። ጋሽ ይልማ ነገሩን ነገሯቸው። የጌጡን ጓያ ወስደው በምትኩ ማሽላ እንዲሰጡት፣ በቁና ልክ ቁና እንዲለውጡት ለመኑ። ማሽላና ጓያ በገበያ እኩል አይቆሙም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሐጂ ወደ ጌጡ እግር አዩ፣ ከዚያም ወደ ጋሽ ይልማ።

«ግንባሬን መሬት ያስነኩኝ እርስዎ ነዎት» አሉ። «ለምን ይለምኑኛል? ያምጡት።»

የጌጡን ነገር እዚሁ ልጨርሰው። አልዳነም፣ አልባሰበትምም። መሬቱን የሚያርስለት እኩል አራሽ ያዘ፤ እሱ ተቀምጦ ቀንበርና ሞፈር ይጠርብ ጀመር፤ እጁ ጎበዝ ሆነ። ያሁኑ ከእናቷ ዘንድ ልጆቿን መለሰች። ክሊኒክ ሲመጡ እሷ ከበሩ አታልፍም ነበር፤ ደጅ ቁማ ትጠብቀዋለች። እኔ ከወረታ በኋላ በሌሎች ከተሞች ሠርቻለሁ። ሚዛን የሚወድ አለቃ ነበረኝ፣ ጨርሶ በሽተኛ የማይነካ አለቃም ነበረኝ። በሁሉም ቦታ ሰው አጎነበስሁ። በሁሉም ቦታ ከማጎንበሴ በፊት ምን እንደሚበላ ጠየቅሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ወጥ ቤት እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ጋሽ ይልማ ሐሳባቸውን አልጣሉትም፤ የሥጋ ማነስ ሰውን ያደርቃል የሚለው አሁንም እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን፣ «ሦስት ማቆሚያ አለ» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

ስለ ወረታ ሳስብ የሚመጣብኝ ግን ከልውውጡ በኋላ የነበረው የገበያ ቀን ነው። ጋሽ ይልማና እኔ ጌጡ ማሽላውን መውሰዱን ልናረጋግጥ ሐጂ ሱቅ ገብተናል። ወስዷል። ከእሱ የመጣው ጓያ በማዕዘኑ ተከምሯል፤ ንጹሕ፣ በደንብ የተበጠረ፣ የያሁኑ እጅ ያረፈበት።

ሐጂ ኑሩ ክምሩን በአገጫቸው አመለከቱ። «ጌታው፣ እንግዲህ ይንገሩኛ» አሉ። «ይኸን ለማን ልሽጠው?»

ጋሽ ይልማ ሳይመልሱ አንዲት ሴት ገባች። ከሜዳው የመጣች ናት፤ እግሯ እስከ ባቷ ጭቃ ነው። ባዶ ስልቻ ይዛለች። ጤፉን ጠየቀች፣ ማሽላውን ጠየቀች፤ ዋጋቸውን ሰምታ ወደ ጓያው ዞረች።

«እንግዲያስ ከዚህ ይስፈሩልኝ።»

ጋሽ ይልማ ወደ እሷ ቀረቡ። «እኅቴ፣ ይህ እህል እግር ይይዛል። እንፋሎቱ አይደለም፣ እህሉ ራሱ ነው። የሚበላው ሰው ነው የሚያዘው። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሴትዮዋ በትሕትና እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ ያረጀ ሰው ሲሳሳት እንደሚታለፍ አድርጋ ፈገግ አለች።

«አይ፣ እናውቅበታለን፣ አባቴ» አለች። «ደጅ ነው የምንቀቅለው።» ስልቻዋንም አፉን ከፍታ ዘረጋች። «ልጆች ቤት ይጠብቁኛል፤ ቶሎ ይበሉልኝ፣ ሐጂ።»

ሐጂ ኑሩ ቁናውን አንሥተው ወደ ጋሽ ይልማ ተመለከቱ። ጋሽ ይልማ ወደ ማሽላው ጆንያ ተመለከቱ፤ ከጌጡ በኋላ የቀረው ከሥሩ ያለ ጥቂት ነበር። ከሴትዮዋ በኋላ ሌሎች ሁለት ሴቶች ባዶ ስልቻ ይዘው በሩ ላይ ተራ ይጠብቃሉ።

ሐጂ ሰፈሩላት።